የሠፈር ንጽሕና የማን ዕዳ ነው?

ስለ ከተማ ንጽሕና ሲነገር ነገሩ ለሐኪምና ለማዘጋጃ ቤት የተተወ መስሎ ይታየናል። ሐኪሙ ስለ በሽታ ይናገራል፥ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ስለ መቀጫ ይናገራል፥ እኛም ሁለቱን ሰምተን ወደየቤታችን እንገባለን። ነገር ግን ከሐኪሙም ምክር ከመቀጫውም የሚቀድም የኅሊና ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፦ ሰው ከአጥሩ ውጭ ስለሚሆነው ነገር ባለ ዕዳ ነውን? ደግሞስ ቆሻሻ የሚጥልበት ሥፍራ ያልተሰጠውን ሰው ስለ ጣለ መቅጣት እውነተኛ ፍርድ ነውን? ፊተኛው ጥያቄ ሁላችንንም የሚያስር፥ ሁለተኛው ደግሞ የሚፈታ ይመስላል። ለየብቻቸው የተመለከታቸው ሰው ወይ ጨካኝ ወይ ቸልተኛ ሆኖ ስለሚቀር ሁለቱን አብረን ልንመረምራቸው እንወዳለን።

ለምርመራችን የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነችውን ጁባን መርጠናል። የመረጥናትም ልንነቅፋት አይደለም፤ አዲስ አበባም ሆነች ጎንደር ለነቀፋ የሚበቃ ጉድፍ አላጡም። በጁባ ግን በሌሎች ከተሞች ከመሬት በታች በቧንቧ ተሸፍኖ የሚሄደው ነገር በመንገድ ላይ ገሃድ ወጥቶ ይታያል። ከዚህም በላይ ከወገኖቻችን ብዙዎች በዚያ ሆቴልና ሱቅ ከፍተው፥ የውኃ ቦቴም እየነዱ እንጀራቸውን ይበላሉ። እንግዲህ የጁባ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።)

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ፥ ይልቁንም አገሪቱ በ2011 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ፥ ከገጠሩና ከካርቱም፥ ከዩጋንዳና ከኬንያ፥ ከአገራችንም ሰው ጐረፈባት። ትንሽ የነበረችው ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉዴሌንና ሌሎቹን ዳርቻዎች ሞልታ ሰፋች። ሰው ቀድሞ ሲሰፍር ቧንቧ ወደ ኋላ ይቀራል። ከማጣሪያው የሚወጣው የቧንቧ ውኃ የሚደርሰው ለጥቂቱ ሕዝብ ሲሆን ብዙው ሕዝብ ከቦቴ ይገዛል፤ ነጂው ከወንዙ ዳር ቀድቶ በየሠፈሩ እየዞረ በየበርሜሉ ይቀዳል። ከተማውን ሁሉ የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር ስለሌለ በየሆቴሉና በየግቢው የተቈፈረው ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ቦቴ መጥቶ ይመጥጠዋል፥ ወስዶም በዬይ መንገድ በኩል በተለየው ሥፍራ እንዲደፋ ታዝዟል። ጉድጓድ ለመቈፈር ዐቅም የሌለው ሰው ግን ሜዳውን ይጠቀማል። በኮንዮ ኮንዮና በሌሎቹ ገበያዎች የሚወድቀው የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል በደረቁ ወራት ይከማቻል፤ ዝናም በመጣ ጊዜ ኾር በሚባሉት የክረምት ፈፋዎች ተጠርጎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ይህም የውኃው ቦቴ የሚቀዳበት ያው ወንዝ ነው።

ይህ ክብ የሚያመጣውን ነገር ከተማይቱ ደጋግማ አይታዋለች። በ2014 በግንቦት ወር በጁባ ኮሌራ መግባቱ ታወጀ፤ በ2015 ተመለሰ። በ2016 እንደ ገና ተነሥቶ በአገሪቱ ተዛመተና በሚቀጥለው ዓመት ሁሉ ቆየ፤ በዚያ ጊዜ ብቻ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፥ ከ400 የሚበልጡትም ሞቱ። በ2024 በጥቅምት ወር ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሚገቡባት በሬንክ ታወቀና ጁባን ጨምሮ ብዙ አውራጃዎችን ነካ፤ የሞቱትም ከ1 ሺህ በለጡ። በዚህ ላይ በ2013 መጨረሻና በ2016 በከተማይቱ የተደረገው ውጊያ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሎ በመጠለያ አጨናንቆ አኑሯል። በጥይት መካከል ቆሻሻ የሚጠርግ ማዘጋጃ ቤት የለምና፥ ለሁሉ ነገር የነዋሪውን ስንፍና ምክንያት ማድረግ ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ ኮሌራ ሕክምና በጊዜው ከተገኘ በጨውና በስኳር በተዘጋጀ ውኃ አብዛኛውን ሰው ማዳን የሚቻልበት በሽታ ነው፤ እንዳይገባም የሚከለክለው ታውቋል። ሊከለከል በሚችል ነገር የሞተ ሰው ካለ ደግሞ ዕዳው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

በሙሴ ሕግ ውስጥ ስለ ቤት አሠራር የተሰጠ አንድ አጭር ትእዛዝ እናገኛለን። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ በዘዳግም 22 ታዝዟል። በዚያ አገር ጣራው ጠፍጣፋ ስለ ነበረ ሰዎች በላዩ ይቀመጡ ነበር። በዘጸአት 21ም ጉድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ዋጋውን እንዲከፍል ተደንግጓል። የዛሬዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች የሕንፃ ደንብ የሚሉትን የሚመስል ነገር በዚህ ይገኛል። ትእዛዙ ሊወድቅ የሚችለው ሰው ወዳጅ ወይም እንግዳ መሆኑን አይጠይቅም። ሰው እስኪወድቅም አይጠብቅም፥ ቤቱ ሲሠራ ይናገራል እንጂ። ለእኛ ጥያቄ ግን ከዚህ የሚበልጠው ነገር ትእዛዙ የተሰጠው ጣራ ላለው ሰው መሆኑ ነው። ቤት የሌለው ሰው መከታ ሥራ አልተባለም፤ ጉድጓድ ያልቈፈረም ክደን አልተባለም። ዕዳው ሰውን ሊጐዳ በሚችለው ነገር መጠን በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

በዚህ መለኪያ ወደ ጁባ እንመለስ። በአንድ በኩል አርባ ክፍል ያለው ሆቴል አለ እንበል፤ ጉድጓዱ ሞልቶ በሌሊት ወደ ፈፋው ይፈስሳል። በሌላ በኩል በዛፍ ጥላ ሥር ከሰል አንድዳ ሻይ የምታፈላ ሴት አለች፤ ቅጠሉንና አመዱን፥ ሁለት ሦስት የተሰበረ ብርጭቆም ከመንገዱ ዳር ትደፋለች። ደንብ አስከባሪው በመጣ ጊዜ ማንን ይይዛል? ሴቲቱ በሜዳ ላይ ናት፥ ለመያዝ ትመቻለች፥ ጠበቃም የላትም። የሆቴሉ በር ግን ዘበኛ አለው፥ ፍሳሹም በጨለማ ይሄዳል። ስለዚህ በጁባም ሆነ በአዲስ አበባ፥ በናይሮቢም ሆነ በካምፓላ መቀጫው የሚታየውን ትንሽ ቆሻሻ ሲያሳድድ የማይታየውን ትልቅ ቆሻሻ ማለፉ የተለመደ ነው። ጀብሎ የያዘውን ልጅ ከአስፋልቱ ማባረር ከተማን ማጽዳት ተብሎ ሲቈጠር ሁላችንም አይተናል።

በጁባ ይህ ነገር የቈየ መሠረት አለው። የከተማው ቦታ ከእንግሊዞች ዘመን በወረደው ልማድ አንደኛ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ እየተባለ ይከፈላል፤ በአንደኛው ሰፊ ቦታ በጽኑ ድንጋይና በጡብ መሥራት ግዴታ ሲሆን በታችኛው በጭቃና በሣር መሥራት ይፈቀዳል። ደንቡ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ግን ድኻው በታችኛውም ደረጃ እንኳ የተመዘገበ ቦታ ሳያገኝ ይቀርና ባገኘው ባዶ መሬት ይሰፍራል። በ2009 ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የተባሉ ብዙ ቤቶች በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሱ። መንገድ ለመክፈትና ከተማውን ለማስተካከል ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ከፈረሰባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚገቡበት የተዘጋጀ ቦታ ስላልነበራቸው ውኃና ሽንት ቤት ወደሌለበት ዳርቻ ሄዱ። ቆሻሻው ከመካከል ወደ ዳር ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ መጣያ ሳይሰጡ ስለ መጣል መቅጣት፥ ሽንት ቤት ሳይሠሩ ስለ ሜዳ መውጣት መቅጣት፥ ቦታ ሳያሳዩ ቤት ማፍረስ ፍርድ አይደለም። ድኽነትን ግብር ማስከፈል ነው። በዘዳግም 23 የእስራኤል ሠራዊት ከሰፈር ውጭ ሲወጣ ቈፍሮ እንዲሸፍን በታዘዘ ጊዜ አስቀድሞ ከሰፈሩ ውጭ የተለየ ሥፍራ እንዲኖር፥ ከመሣሪያውም ጋር መቈፈሪያ እንዲያዝ ተነግሯል። ሥፍራውና መቈፈሪያው ከሌሉ ትእዛዙም ባዶ ነው።

ይህን ያልነውን ግን አንዳንድ ሰው ይዞ ወደማንወደው መንገድ ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ከሆነ፥ ይላል፥ መንግሥት ሁሉን እስኪያሟላ ድረስ ማንም አይቀጣ፤ ለድኻ ማዘን ይሻላል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል፥ ርኅራኄ ግን አይደለም። ኮሌራ በገባ ጊዜ ፊት የሚሞተው የዚያው የድኻው ልጅ ነውና። ባለ ሀብቱ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ይጠጣል፥ ከታመመም መኪና አለው። ደንብ አስከባሪ የማይረግጠው ሠፈር በነጻነት የሚኖር ሠፈር አይደለም፤ የፍሳሹ ቦቴ እስከ ዬይ መንገድ መድረሱን ለነዳጅ አልከፍልም ሲል በሌሊት የሚደፋበት ሠፈር ነው። ድኾች በደንብ ብዛት ከሚጨነቁት ይልቅ ለእነርሱ የሚቆም ደንብ አጥተው የሚሞቱት ይበዛሉ። ሻይ አፍልታ የምትሸጠው ሴት ከማንም ይልቅ የሆቴሉ ጉድጓድ በጊዜው እንዲመጠጥ፥ የውኃው ቦቴም ክሎሪን እንዲጨመርበት የምትፈልግ ናት። ስለዚህ ቅጣት ይቅር አንልም፤ ከላይ ይጀምር እንላለን።

ከላይ ያሉት ሲዘገዩ ምን እንደሚሆን ለማየት ከአፍሪካ መውጣት ይበቃል። በጀርመን አገር በኤልቤ ወንዝ ላይ ሀምቡርግ የምትባል ታላቅ የንግድ ከተማ አለች፤ በአጠገቧም አልቶና የምትባል ከተማ በዚያ ዘመን ለብቻዋ የምትተዳደር ነበረች። ሁለቱ የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ ነበረ፤ እንዲያውም አልቶና ከታች በኩል ስለ ሆነች የሀምቡርግ ፍሳሽ የገባበትን ውኃ ትቀዳ ነበር። ግን አልቶና ውኃዋን በአሸዋ ታጣራ ነበር። የሀምቡርግ ሹማምንትና ነጋዴዎች ግን ማጣሪያው የሚፈጀውን ገንዘብ እያሰቡ ብዙ ዓመት ሲከራከሩ ቆዩ። በ1892 በክረምት ኮሌራ ገባ። በሀምቡርግ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ አልቶና ግን ከሞላ ጐደል ዳነች። በሁለቱ ከተሞች ድንበር ላይ አንዱ መንገድ እንኳ በግራና በቀኝ ተለይቶ ነበር፤ ሊቁ ሮበርት ኮኽ ይህን መርምሮ ጻፈ። በሀምቡርግ በኩል ያሉት ድኾች በአልቶና ካሉት ድኾች ይልቅ ቆሻሾች አልነበሩም። ልዩነቱ በምክር ቤት የተቀመጡት ሰዎች ካደረጉትና ካላደረጉት ነገር የመጣ ነው። ማጣሪያው የተከፈተው በ1893 ሞቱ ካለፈ በኋላ ነበር፤ የተቈጠበውም ገንዘብ ለሬሳ ሣጥን ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሀምቡርግ ነጋዴዎች የገዛ ከተማቸው ነበረች። በጁባ ላሉት ወገኖቻችን ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ እንግዶች ናቸውና። እንግዳ ሰው፦ ከተማው የእኔ አይደለም፥ ነገ ልሄድ እችላለሁ፥ የሰው አገር ጐዳና ለመጥረግ ምን ግድ አለኝ? ይላል። በእርግጥም በሰው አገር መኖር ቀላል አይደለም፤ የሚጠየቀው ብዙ፥ ከለላውም ጥቂት ነው፤ ጦርነት በተነሣም ጊዜ ሱቁ ፊት የሚዘረፈው እንግዳው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ የንጽሕና ዕዳ መጨመር ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ፥ ወደው ላልሄዱት ለእነዚያ እንኳ፥ የዚያችን ከተማ ደኅንነት እንዲፈልጉ መክሯቸዋል፤ እነርሱም የሚድኑት በእርሷ ደኅንነት ነበርና። ወዶ ሄዶ ከከተማይቱ ትርፍ የሚቀበለውስ ምን ይባላል? ውኃ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ተራ ዕቃ አይደለም። ጨርቅ ነጋዴ ቢያታልል ገዢው ብርድ ያገኘዋል፤ ባለ ቦቴው ክሎሪኑን ለማትረፍ ቢያታልል ግን ሕፃን ይሞታል፥ የሞተውም በማን ውኃ እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህ አለመታወቅ ነው ሰውን የሚያስተው። የኮሌራ ዘመን በመጣ ቍጥር በወንዙ ዳር ቦቴዎቹ በሚሞሉበት ቦታ ክሎሪን እንዲጨመር ተደርጓል፤ ጠባቂ በሌለበት ወርም በፈቃዱ የሚጨምር ነጂ ሥራው ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ስለ አለመታወቅ ከተናገርን ማርቲን ሉተር በ1527 የጻፈውን ማንሣት ይገባናል። በዚያ ዓመት በዊተንበርግ ወረርሽኝ ገብቶ ዩኒቨርሲቲው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር እርሱ በሽተኞችን ለማገልገል በዚያው ቀረ። ከሞት መሸሽ ይገባልን ብለው ለጠየቁትም ከብሬስላው የነበረውን ዮሐንስ ሄስን ተቀባይ አድርጎ ደብዳቤ ጻፈ። ብዙ ሰው በደብዳቤው ውስጥ የሚያስታውሰው ስለ መቆየትና ስለ መሸሽ የተናገረውን ነው። ነገር ግን በዚያው ላይ፥ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል እያሉ መድኃኒትን ንቀው ራሳቸውንና ቤታቸውን የማያጸዱትን አጥብቆ ይገሥጻል፤ እንዲህ ያለው ሰው በቸልታው ሌላውን ቢያስይዝ በሞቱ ተጠያቂ መሆኑን ያሳያል፤ የመቃብሩም ሥፍራ ለጤና ከከተማ ውጭ ቢሆን እንዲሻል ይመክራል። በዚያ ዘመን ስለ ጀርም ማንም አያውቅም ነበር። እኛ ግን እናውቃለን፤ ስለዚህ፦ ክፉ አላሰብሁም የሚለው ምክንያት ለእኛ ከእነርሱ ይልቅ ይጠብባል።

ደንቡን ሁሉ የጠበቀ ሰውስ ከዕዳው ነጻ ነውን? በዚህ ላይ የራሳችን ዋና ከተማ ትመልሳለች። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን በደቡብ ምዕራብ ዳር ቆሼ በሚባለው ሥፍራ ስትከምር ኖራለች። ብዙ ሰው ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሞልቶ ለሰብሳቢ ማኅበር በሥርዐት ይሰጥ ነበር፥ መቀጫም አላገኘውም። በማርች 11 ቀን 2017 በምሽት ያ ክምር ተንዶ በሥሩ ጐጆ ሠርተው ይኖሩ የነበሩትን ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የተናደባቸው የእነርሱ ቆሻሻ አልነበረም። ከየሠፈሩ በሥርዐት የወጣ፥ ከእያንዳንዱ ንጹሕ ግቢ ጥቂት ጥቂት የተጠራቀመ ነበር። አንድ ነገር ከደጃችን ስለ ተነሣ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ በዚያ ቀን ታየ፤ በዬይ መንገድ የሚደፋውም በማን ጎረቤት እንደሚደፋ የጁባ ባለ ሆቴሎች ሊጠይቁ ይገባል።

ስለ ደንብ አስከባሪውም ጥቂት እንበል። ደመወዙ ትንሽ፥ አንዳንድ ጊዜም ለወራት የሚዘገይ ሰው በእጁ የመቅጣት ሥልጣን ሲሰጠው ፈተናው ከባድ ነው። በደቡብ ሱዳን የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ወራት ቈይቶ የማይከፈልበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚቀበለው መቀጫ ቆሻሻውን አያነሣውም፤ እንዲያውም ቆሻሻው እንዲቆይ ይረዳል፥ ነገም ተመልሶ ይቀበልበታልና። ጉቦ የሚሰጠው ባለ ሀብትም ከተቀባዩ የሚያንስ በደል የለበትም፤ ጉድጓዱን ለማስመጠጥ የሚከፍለውን ሲያተርፍ የሠፈሩን ሕዝብ ጤና ገዝቶ መሸጡ ነው። በዚህ ነገር ከውጭ ያለን ሰዎች ሹሙን ብቻ መውቀስ እንወዳለን። ነገር ግን ደረሰኝ የሚጠይቅ ነጋዴ በበዛበት ገበያ ጉቦ እያነሰ ይሄዳል፤ ይህንም ለማድረግ የአገሩ ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

የአብያተ ክርስቲያናትም ግቢ ከዚህ ደንብ ውጭ አይደለም። በጉባኤ ቀን ሁለትና ሦስት ሺህ ሰው ከየገጠሩ ይመጣል፤ ድንኳኑ ይተከላል፥ መዘምራኑ ይሰለፋሉ፥ ወጡ ይሠራል፤ ስለ ሽንት ቤት ግን የሚጠይቅ አይገኝም፥ ሕዝቡም ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ምንጩ በኩል ይወጣል። በማግሥቱ ከዚያ ምንጭ የሚቀዳው ጎረቤት ከእኛ ማኅበር ላይሆን ይችላል። ሽማግሌዎች የጉባኤውን ወጪ በሚያሰሉበት ቀን ከድንኳኑ ኪራይ በፊት የጉድጓዱን ቍፋሮ፥ የእጅ መታጠቢያውን በርሜልና ሳሙናውን ቢጽፉ፥ ከምንጩም በላይ ሳይሆን በታች ርቆ እንዲቈፈር አንድ ሰው ቢመድቡ፥ ጉባኤው ሲያልቅም አፈሩን መልሶ የሚደፍን ሰው በስም ቢታወቅ ሥራው የሁለት ቀን ነው፤ ዝናሙ ከመጀመሩ በፊትም ያልቃል።